መሬቱ ሳያልቅ

ልጄ፣ በከተማ ፕላን ተመርቀሽ ለገጣፎ ለገዳዲ ክፍለ ከተማ ሥራ መግባትሽን ከአባትሽ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ለሌላ ሥራ ቢሆን መርቄሽ ዝም እል ነበር። መሬት ያለበት ቢሮ ሲሆን ግን ምርቃቱ ላይ ምክር ይጨመርበታል። አንቺ የተማርሽውን እኔ አላውቀውም፤ እኔ ያየሁትም መጽሐፍሽ ውስጥ አይኖር ይሆናል። እስቲ አረፍ በዪ፣ ቡናው ገና አቦል ነው።

ይህ አካባቢ ፕላን አጥቶ አያውቅም። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለአዲስ አበባ ፕላን ሲነድፍ፣ ከተማዋ እንዳትተፋፈግ በዙሪያዋ ትንንሽ ሳተላይት ከተሞች ይኑሯት ብሎ ነበር። ከእሱ በኋላ ፈረንሳዩም ሀንጋሪውም የየራሱን ንድፍ አምጥቷል። ንድፎቹ ቆንጆ ነበሩ፤ ችግሩ የሚነደፉት ሁልጊዜ ከመሀል ሆኖ ወደ ዳር እየታየ መሆኑ ነው። ከመሀል ሆኖ ለሚያይ ሰው ሰበታ የፋብሪካ ቦታ ነው፣ ቡራዩ የገፈርሳ ውሃ ነው፣ ሱሉልታ ወተትና ድንጋይ ነው፣ ለገጣፎ ደግሞ መኝታ ቤት ነው። እዚህ ተወልዶ እዚህ የሚሞተው ሰው ምን ሠርቶ እንደሚበላ የሚጠይቅ ንድፍ ግን አላየሁም። አንቺ የምትጀምሪው ከዚህ ጥያቄ ይሁን፦ መሬቱ ሲያልቅ ይህ ሕዝብ ምን ይበላል?

አባቶች «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይላሉ። የእኛ የጨው ተራራ መሬት ነው። ከሲኤምሲ ወዲህ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ በእኔ ዕድሜ ጤፍና ስንዴ፣ ጓያና ምስር ነበር። ከዚያ ቪላው መጣ፣ ሪል እስቴቱ መጣ፣ የካሬው ዋጋ በየዓመቱ ወደ ላይ ወጣ። ደላላው ላሰ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ላሰ፣ ገበሬውም የደረሰውን ያህል ላሰ። የሊዝ ገንዘብ ሲገባ በጀቱ ይወፍራል፣ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ በሪፖርቱ ላይም «ገቢያችን ከዕቅድ በላይ ሆነ» ይባላል፤ ይጨበጨባል። አዳራሹ ውስጥ ሲጨበጨብ አንቺ ግን በልብሽ ቀንሺ፦ ዘንድሮ የተሸጠው ቦታ ለከርሞ የለም። ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ዛሬ የፈረምሽበትን ቦታ ከተማው መልሶ እጁ የሚያስገባው የልጅ ልጆችሽ ሲያረጁ ነው።

ካሳ ይከፈላል ትይኝ ይሆናል። ይከፈላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የዓመት ገቢው አሥር ዕጥፍ ይታሰብለት ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት ዕጥፍ ከፍ ብሏል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ ስሙን አልጠራም። ካሳውን ሲቀበል ያረጀ አይሱዙ ገዛ፤ ሹፌር ቀጠረ፤ ጎማና ሞተር ገንዘቡን በሉት፤ በመጨረሻ መኪናውን ለጋራዡ ዕዳ ሰጠው። ዛሬ አባቱ በሬ ጠምደው ያርሱት በነበረው ቦታ ላይ ከተሠራ አንድ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ነው። የግቢው ጌታ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለፋሲካ በግ ይገዛለታል። ሰውዬው ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ሲቀመጥ ግን «ይኼ መዋኛው ያለበት ቦይ ነበር፣ እዚያ ጀነሬተሩ ጋ የአባቴ ክምር ይቆም ነበር» ይለኛል። ልጁ ደግሞ ባጃጅ ለመግዛት ዕቁብ ገብቷል። አራሽ የነበረ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ዘበኛና ባጃጅ ነጂ ሲሆን፣ በገንዘብ አሥራ አምስት ዕጥፍ ተከፍሎታል፣ በሙያ ግን ባዶ እጁን ቀርቷል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። መሬት እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ሲደርስ፣ ከካሳው ስሌት ጎን አንድ ገጽ ጨምሪበት፤ በዚያ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ልጆች ዕድሜ፣ ትምህርትና ሊሠሩ የሚችሉት ሥራ ይጻፍ። መልሶ ማቋቋም ሕጉም የሚያዘው ነው፤ የሚቀረው በወረቀት ላይ ነው። ዶዘሩ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ሥልጠናው ይጀመር። ዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆችና ሼዶች የተወሰኑት በመሬት ለቃቂዎቹ ስም ይሁኑ፤ ኪራዩ ከእጃቸው አይውጣ። ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ሲወድቅ ሰርግ ይሆናል፣ አይሱዙ ይሆናል፣ ወይ የዘመድ ብድር ሆኖ ይቀራል። በየወሩ የሚመጣ ኪራይ ግን ልጅ ያስተምራል።

በየካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ የሆነውን አንቺ ተማሪ ሆነሽ በቴሌቪዥን አይተሽው ይሆናል። ማዘጋጃ ቤቱ ለአረንጓዴ ቦታ የተከለለ ነው፣ በሕገወጥ መንገድ የተሠራ ነው እያለ ብዙ ቤት አፈረሰ፤ ሰው ከነልጁ ሜዳ ላይ ወደቀ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው መብራት ገብቶልን፣ ግብር ስንከፍል ኖረን ነው ይሉ ነበር። እነዚህን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች የጠቀለለው ሸገር ከተማ በ2015 ከተመሠረተ ወዲህም ማፍረሱ በሌሎቹ ቀጥሏል። ሕግ ይከበር በሚለው አልከራከርሽም። የምከራከርሽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሚሉት ነገር ነው። የጨረቃ ቤት የሚባለው ስሙ እንጂ በአንድ ሌሊት አይቆምም፤ መሠረቱ ሲቆፈር ደንብ አስከባሪው ያልፋል፣ ብሎኬቱ ሲራገፍ የቀበሌው ሰው ያያል፣ ቆርቆሮው ሲመታ አካባቢው ሁሉ ይሰማል። ያኔ ዝም ያለ መሥሪያ ቤት ፈቅዷል ማለት ነው።

ደግሞስ ሰው የጨረቃ ቤት የሚሠራው ለምን ይመስልሻል? የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ግንበኛ፣ አስተማሪ፣ የሆቴል አስተናጋጅ በጨረታ ካሬ ሜትር ሊገዛ አይችልም። ፕላንሽ ውስጥ ለእነሱ ትንሽ ቦታ ካልተቀመጠ ከፕላንሽ ውጭ ይቀመጣሉ። ሠራተኛ የሚያድርበት የሌለው ከተማ ደግሞ ፋብሪካ ጠርቶ አያመጣም፤ ቢያመጣም ሠራተኛው በየወሩ ይለቃል።

አሁን ሕዝብን ስለ ማማከር ልንገርሽ፤ በዚህ አገር ብዙ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነውና ቶሎ አላልፈውም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ ያቀደው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ይፋ ሲሆን ተማሪው ተነሳ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የጀመረው ተቃውሞ አገር አዳረሰ፤ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። ፕላኑን የሠሩት ባለሙያዎች መንገዱንም የውሃ መስመሩንም በደንብ አስልተው ይሆናል። ገበሬው ግን ከዚያ ሁሉ ስሌት አንድ ነገር ብቻ አየበት፦ እኔን ሳይጠይቁ መሬቴን ቀለም ቀቡት።

ሌላው ከእኛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ ሰንዳፋ ላይ የሆነው ነው። አዲስ አበባ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ አሠርታ በ2008 ሥራ አስጀመረች። ሽታውና ፍሳሹ ያስመረራቸው የአካባቢው ገበሬዎች በዚያው ክረምት አናስገባም አሉ፤ ተዘጋ። ቆሻሻው አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለው አሮጌ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሲነደፍ ያልተጠየቀው ገበሬ ያለው ሰንዳፋ ላይ ነው፣ ሬሳው ግን የወጣው ከቆሼ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼው ነው።

እንግዲህ ስታማክሪ አዳራሽ ተከራይተሽ፣ ውሃና ብስኩት አስቀምጠሽ፣ በፓወር ፖይንት ሦስት ሰዓት አንብበሽ «ተወያይተናል» ብለሽ ፎቶ ተነስተሽ እንዳትመለሺ። የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል። እድር ሂጂ። እድር ሹም ሲሻር አብሮ አይሻርም፤ መዝገቡ ከከንቲባ ዕድሜ ይረዝማል፤ ማን ሥራ እንደፈታ፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንደሄደ፣ የማን ቤት እንደተሸጠ ከስታቲስቲክስ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ገጠሩ ቀበሌ ስትወርጂ በኦሮምኛ ንገሪያቸው፤ የአገር ሽማግሌዎቹን፣ ጃርሳ ቢያዎቹን፣ ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ድረስ ሄደሽ አነጋግሪ። ሴቶቹን ለብቻ ጠይቂ፤ ባሎቻቸው ባሉበት ስለ መሬት ሽያጭ እውነቱን አይነግሩሽም። «አይሆንም» ያሉሽን ደግሞ በደንብ መዝግቢ። የሚጨበጭብልሽን ሰው ቃል ማንም ሊያመጣልሽ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለንን እንቁጠር። ከተማ የሚያድገው ከሌለው ተነስቶ አይደለም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል። «የቴክኖሎጂ ማዕከል እንሆናለን» የሚል ዕቅድ ብዙ አይቻለሁ፤ ከገጽ ወደ ገጽ ሲዞር ይኖራል።

መጀመሪያ ውሃ አለን። የለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል፤ ቆይቶም የድሬ ግድብ ተጨምሮለታል። በምዕራብ በኩል ገፈርሳ አለ። እነዚህ ግድቦች ዙሪያቸው ሲታረስ፣ ሲገነባ፣ ፍሳሽ ሲለቀቅበት ደለሉና ቆሻሻው ወደ ውሃው ይገባል፣ የማጣሪያው ወጪ ይንራል። ዙሪያውን የሚጠብቀው ማነው? እዚያ የሚኖረው ገበሬ ነው። ምን ይከፈለዋል? ምንም። እንዲያውም የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ በሱሉልታም በለገጣፎም ቧንቧው ሳምንት ሲደርቅ፣ ከዚያው ሱሉልታ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተጭኖ ሲወጣ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሰው ያያል።

ይህን ጉዳይ የፈታ ከተማ ልጥቀስልሽ። ኒውዮርክ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከካትስኪል ተራሮች አካባቢ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1997 በብዙ ቢሊዮን ዶላር ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ከላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞችና ገበሬዎች ጋር ውል ገባች። የመጸዳጃ ጉድጓዳቸውን ታድስላቸዋለች፣ ገበሬው ፍግና ማዳበሪያው ወንዝ እንዳይገባ ሲያደርግ ወጪውን ትሸፍናለች፤ በተጨማሪ ለአካባቢው ሥራ ፈጠራ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚንቀሳቀስ ፈንድ አቋቋመችላቸው። የላይኞቹ ውሃ ጠበቁ፣ የታችኞቹ ከፈሉ፤ ማንም ምጽዋት አልሰጠም። እኛም ከአዲስ አበባ ጋር እንዲህ ያለ ውል ላይ መቀመጥ እንችላለን። ንግግሩ በአንቺ ደረጃ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ የክልልና የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ግን ለንግግሩ የሚሆነውን ወረቀት የሚያዘጋጀው እንዳንቺ ያለ ልጅ ነው፦ ስንት አባወራ በተፋሰሱ ውስጥ እንዳለ፣ ምን እንደሚያርስ፣ ዛፍ ቢተክል ምን እንደሚያጣ። ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ እኛ ዋጋውን ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።

ሁለተኛው ወተት ነው። ከሱሉልታ እስከ ሰላሌ ያለው ቆላ ያልነካው ሜዳ የላም አገር ነው፤ ድርቆሹ ጭምር በመኪና ተጭኖ ሩቅ ይሸጣል። አንድ ጠዋት ሱሉልታ ወርደሽ የወተት መሰብሰቢያ በር ላይ ቁሚ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰብሳቢው በመለኪያው ወተቱ ውሃ እንዳልገባበት ያያል፣ ይመዘግባል፣ ይቀበላል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ። ለ55 ቀን አብዛኛው ሰው ወተት አይጠጣም፤ ዋጋው ይወድቃል፣ አንዳንዱ ሰብሳቢም አልቀበልም ይላል። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፣ ትታለባለች፣ ትበላለች። ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲጨመር ገበሬው በዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉን በኪሳራ ያልባል። እዚህ ላይ ከተማው የሚያደርገው ነገር አለ። ወተቱን ወደ ዐይብ፣ ወደ ቅቤ፣ ወደ ዱቄት የሚለውጥ ፋብሪካ የሚያርፍበት ቦታ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሚጠራቀምበት ቀዝቃዛ ማቆያ ያዘጋጅ። ማቀነባበሪያ የሚያቋቁም ሰው ሲመጣ በሊዝ ዋጋ ብቻ ከሪል እስቴት ጋር ካወዳደርሽው በየጨረታው ይሸነፋል። የሚቀጥረውን ሰው፣ ወተት የሚገዛበትን ቤት ቆጥረሽ አወዳድሪው።

ሦስተኛው ሊያስቅሽ ይችላል፤ ሩጫ። የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጎህ ቀድሞ የሚሮጠውን ወጣት ብዛት ላየ፣ እዚያ ከተማ ውስጥ ትልቁ ፋብሪካ ሳንባ ነው ያሰኛል። ቀነኒሳ በቀለ እዚያ የመለማመጃ ትራክና ማረፊያ ሠርቷል፤ ከውጭ የሚመጡ ሯጮችም ለልምምድ ይከርማሉ። እነሱ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይታሻሉ፣ መኪና ይከራያሉ። ይህን ሁሉ አንድ አትሌት ወይ ሁለት ባለሀብት ሠርቶታል፤ ከተማው ደግሞ የሩጫውን ሜዳ እየከፋፈለ ለጨረታ ቢያወጣው እንቁላል የምትጥለውን ዶሮ ማረድ ነው። ሜዳው በፕላኑ ላይ በደማቅ ቀለም ይከለል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይንካው።

ሰበታን ሳላነሳ አልውልም፤ የፋብሪካን ነገር ከእሷ በላይ የሚያስተምርሽ ከተማ የለም። የሜታ አቦ ቢራ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚያ ነው። ደርግ ወረሰው፣ በ2004 የእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ በ2014 ደግሞ ወደ ቢጂአይ ዞረ። ባለቤት ሲፈራረቅበት ፋብሪካው አልተነቀለም፤ ምንጩም የገብሱ አገርም እዚያው ስለሆነ ነው ባይ ነኝ። ዓለም ገና ላይ ያለውን አይካ አዲስን ደግሞ ተመልከቺ። የቱርክ ኩባንያ ነበር፣ በ2002 ገደማ ሲመረቅ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት ቀጠረ፣ ቤት አከራዩ ተደሰተ፣ ጉሊቱ ሞቀ። ገበያው አውሮፓ፣ ገንዘቡ ብድር ነበር፤ ዕዳው ሲከብድ በልማት ባንክ እጅ ገባ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በሐምሌ 2008 ሲመረቅ አገር ተስፋ ጥሎበት ነበር፤ በኅዳር 2014 ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ለቆ ወጣ፣ ከወር በኋላ ደግሞ አገራችን ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ ወጣች። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት ሐዋሳ ላይ ያለች ልጅ ሥራ አጣች። ሰው ሲታማ ለእኔ ብለሽ ስሚ።

ፋብሪካ አይምጣ እያልኩ አይደለም። ባለ አንድ ዓይን በአፈር አይጫወትም ነው የምልሽ። በአንድ ገዢ፣ በአንድ አገር ገበያ፣ በአንድ ብድር ላይ የቆመ ፋብሪካ ሲመጣ በጎኑ ሌሎች ዓይኖች ይኑሩሽ፤ የሚያቀርቡለትና የሚጠግኑለት፣ እሱ ቢዘጋም ሌላ ደንበኛ የሚያገኙ ትንንሽ ወርክሾፖች። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሰበታ ላይ ነው የሚያልቀው፤ በመስከረም 2009 ሲመረቅ አብዛኛው ሰው ስለ ፍጥነቱ አወራ። እኔ ግን ከባቡሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጣቢያው ዙሪያ ማን ምን እንደሚሠራ ነው፤ መጋዘኑ፣ የእህል ማበጠሪያው፣ የብረት ሥራው እዚያ ካልሰፈረ ባቡር ለሰበታ ጩኸት ብቻ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ገደማ ከባቡር ጋር ተወልዳ፣ ባቡሩ ሲደክም ምን ያህል እንደተንገዳገደች ሽማግሌዎቿን ጠይቂ።

ረጅም ዕቅድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ከፈረንጅ የተማርነው እንዳይመስልሽ። ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል። ያን ጥድ የተከለ ሰው ከጥላው ሥር አልተቀመጠም። ዐፄ ምኒልክም አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ የማገዶ እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ ማደጉን ሲያዩ ዘሩን አሰራጩ፣ ለተከለው ሰው የግብር ምሕረት አደረጉ፣ ከተማዋም ቀረች። ያቺ ዕቅድ ቀላል ነበረች፦ ሕዝቡ የሚያጣውን ነገር ለዩ፣ የሚያመርተው ሰው እንዲያተርፍበት አደረጉ፣ ከዚያ ጠበቁ። በእርግጥ ባሕር ዛፉ ውሃውን መጠጠ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጀርባም እስከ ዛሬ ዋጋውን ይከፍላል፤ ይህንንም ከነጉዳቱ አስቢው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትይኝ ይሆናል። የሊዝ ገቢ የአንድ ጊዜ ነው ብያለሁ፤ በየዓመቱ የሚመጣው የቤትና የቦታ ግብር ነው። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ሕዝቡ አልወደደውም፣ እኔም ጡረተኛ ነኝና ደስ አላለኝም። ግን ትልቅ ቪላ ሠርቶ ዘግቶ ዱባይ የሚኖረው ሰው ለመንገዱና ለጠባቂው ምንም ሳይከፍል፣ ባለ ጉሊቷ በየወሩ የምትከፍልበት ከተማ አይዘልቅም። ለጡረተኛና ለደሀ ምሕረት ይኑረው፤ ከሰበሰባችሁት ገንዘብ ምን እንደተሠራም በየሰፈሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሰው ግብር የሚጠላው ሲከፍል ሳይሆን የት እንደገባ ሲያጣው ነው። በመሬት ሽያጭ የመጣውን ገንዘብ ደግሞ ለደመወዝና ለስብሰባ አበል አታውሉት፤ ሌላ ገቢ ለሚያመጣ ነገር ብቻ ይሁን፣ ለገበያ ማዕከል፣ ለሼድ፣ ለውሃ መስመር።

ሕጉ መዋቅራዊ ፕላን አሥር ዓመት ይቆያል ይላል። ሹም ግን አሥር ዓመት አይቆይም፤ አዲሱ ሲመጣ የቀድሞው የጀመረውን ትቶ የራሱን መሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል። ይህንን አንቺ ብቻሽን አትከለክይውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ፕላኑን ብዙ ሰው እንዲያውቀው አድርጊ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የእድሩ ዳኛ፣ ቄሱና ሼኹ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በየእጃቸው በአንድ ገጽ የተጻፈ ቅጂ ይኑራቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ። ሹሙ ሊቀይረው ሲነሳ «ይኼማ እንዲህ አይልም» የሚለው ሰው ከቢሮ ውጭ ይሁን።

ደግሞ ስትለኪ ምን እንደምትለኪ ተጠንቀቂ። ስንት ሄክታር ተላለፈ፣ ስንት ፈቃድ ተሰጠ፣ ስንት ወጣት «ተደራጀ» የሚል ቁጥር ይጠይቁሻል፤ ስጪያቸው። ለራስሽ ግን ሌላ ደብተር ያዢ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለገጣፎ ታክሲ ተራ ሂጂና ሰልፉን ተመልከቺ፤ ወደ መገናኛ ሊሄድ የቆመው ወጣት ሁሉ ጉልበቱን ሌላ ከተማ ሸጦ ማታ ለመተኛት ብቻ የሚመለስ ነው። ምሳውን እዚያ ይበላል፣ ልብሱን እዚያ ያሰፋል፣ ጫማውን እዚያ ያስጠርጋል። ያ ሰልፍ በየዓመቱ ካጠረ ፕላንሽ እየሠራ ነው፤ ከረዘመ ምንም ያህል ፎቅ ቢቆም አልሠራም። የተደራጁትን ወጣቶችም ከሦስት ዓመት በኋላ ሂጂና ቁጠሪያቸው፤ ሼዱ ውስጥ ማሽኑ አለ ወይስ መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል?

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ልሥራ ብለሽ እንዳትነሺ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። አንድ ነገር ግን በዚህ ወር ልትጀምሪው ትችያለሽ። ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎች አሉ፤ ለፋብሪካ፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ተብለው ተወስደው ዓመታት ያለፋቸው፣ ቆርቆሮ አጥሩ ዝጎ ውስጡ ሣር የበቀለባቸው። የሊዝ ሕጉ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ ወስኖላቸዋል። ዝርዝራቸውን አውጪ፤ ቦታው የት እንደሆነ፣ ስፋቱ ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደተሰጠና መቼ መጠናቀቅ እንደነበረበት ጻፊ። አለቃሽን አስፈቅደሽ በር ላይ አስለጥፊው። ስልክ ይደወልብሻል፣ የሚቆጣም ይመጣል። ሲመጣ ወንበር ስጪው፣ ቡና አስመጪለት፤ ከዚያ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ጠይቂውና እያየ ጻፊው፣ አስፈርሚው።